አማና በፖስታ ቤት መስኮት



በዚህ ዓምድ ስለ ተውሒድ፣ ስለ ሶላት፣ ስለ ዘካና ስለ ዑለማዎቻችን ታሪክ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን የፖስታ ቤት ነገር ነው። «ይህ ደግሞ በዲን መጽሔት ላይ ምን አመጣው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ ብዕር ከማንሳቴ በፊት እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ነገር ግን በመድረሳ የቀራናቸውን የፊቅህ ኪታቦች ያገላበጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከጦሃራና ከዒባዳ ምዕራፎች ቀጥሎ የሚመጣው የመግዛትና የመሸጥ፣ የመከራየትና የመቀጠር፣ የአደራና የውክልና ጉዳይ ነው። ሰው ከጌታው ጋር ያለውን ነገር በመስጊድ ያስተካክል ይሆናል፤ ከሰው ጋር ያለው ግን የሚለካው በገበያ፣ በመንገድና በመስኮት ፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግብፅ ለትምህርት የሚኖር የቀድሞ ደረሳዬ ጥቂት ኪታቦች በፖስታ ላከልኝ። ጥቅል መምጣቱን የሚገልጸው ወረቀት በመድረሳችን የፖስታ ሣጥን ውስጥ ተገኘ፤ ልጆቹ አምጥተው ሲሰጡኝ ልቤ ፈነደቀ፤ ከኪታቦቹ አንዱን ሃያ ዓመት ሙሉ ስመኘው ኖሬአለሁና። በማግሥቱ ደረሶቼን ለሌላ ወንድም አስይዤ በከተማችን ወዳለው ፖስታ ቤት ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን «ነገ ና» በሚል ቃል አለቀ። ሰዓቱ ገና አምስት ተኩል ነበር፤ መስኮቱ ግን በግማሽ ተዘግቷል። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ጎልማሳ ወረቀቴን ሳይነካ «የመጋዘኑ ቁልፍ የለም» አለኝ። «መቼ ይገኛል?» ብዬ ስጠይቀው ፊቱን ወደ እጅ ስልኩ አዞረ።

ሁለተኛው ቀን የባሰ ሆነ። አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል፤ የሚሠራው መስኮት ግን አንድ ብቻ ነው። ቴምብር የሚገዛውም፣ የሣጥን ኪራይ የሚከፍለውም፣ የአደራ ደብዳቤ የሚልከውም፣ ጥቅል የሚያወጣውም በዚያችው አንዲት ቀዳዳ ነው። ባለ መስኮቱ አንድ ሰው ያስተናግድና ይነሳል፤ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሳቅ ይሰማል፤ ቆይቶ ይመለሳል። አንድ ሽማግሌ ቅጹን አበላሽተው ስለ ሞሉ ወረቀቱን መልሶ ወረወረባቸው፤ «ማንበብ የማይችል ሰው ምን ሊያደርግ ይመጣል?» የሚል ቃልም ጨመረበት። ሽማግሌው ወረቀቱን ከመሬት አነሱና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። የቀረነው አሥራ ሦስት ሰዎች አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። ይህን ዝምታ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከፊቴ የቆሙት አንዲት የገጠር እናት ነበሩ። ልጃቸው በዐረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመት እንደሆናት አጫወቱኝ። እሷ የላከችው ጥቅል መጥቷል ተብለው ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው መጥተዋል፤ ለሁለተኛ ጊዜ መምጣታቸውም ነው። ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል፤ በየጊዜው ይፈቱና ያዩታል፤ መልሰው ይቋጥሩታል። «እንዲያው ሸኽዬ፣ ቀኑ አልፎበታል ይሉኝ ይሆን?» አሉኝ። አየሁላቸውና «አላለፈም እናቴ፣ አብሽሩ» አልኳቸው። ተራቸው ሳይደርስ ሰዓቱ ሞላና መስኮቱ ተዘጋ።

በሦስተኛው ጊዜ የሄድኩት በገበያ ቀን ነው። እኚያ እናት ቀድመውኝ ቆመዋል፤ ከእሳቸው በፊትም ብዙ ሰው አለ። ገና ከሰልፉ መጨረሻ እንደ ቆምኩ የጎን በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት ብቅ ብሎ «ኡስታዝ! እርስዎ እዚህ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ እንጂ!» አለኝ። ልጅ ሳለ ቁርአን ያስቀራሁት ነው፤ በቅርቡ እዚያ ተቀጥሯል። እጄን ስሞ አስገባኝ፤ ወንበር ሰጠኝ፤ ሁለት ቀን የጠፋው ቁልፍ ከአንድ መሳቢያ ወጣ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጥቅሌን ታቀፍኩ። ለልጁ ዱዓ አድርጌለት በመጣሁበት በር ስወጣ እኚያ እናት ከነወረቀታቸው ቆመዋል። «የእርስዎስ አለቀ፤ አልሐምዱሊላህ። ለኔም ዱዓ ያድርጉልኝ ሸኽዬ» አሉኝ። ምፀት አልነበረበትም፤ ከልባቸው ነው ያሉኝ። ምፀት ቢሆን ኖሮ በተሻለኝ።

«አላህ ያግራልዎ» ብያቸው አለፍኩ። እግሬ የከበደኝ መስጊድ በር ላይ ስደርስ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ተበደልኩ ብዬ ስቃጠል የነበርኩ ሰው በሦስተኛው ቀን በአምስት ደቂቃ ውስጥ በዳይ ሆኛለሁ፤ ያውም እያመሰገንኩ፣ ዱዓ እያደረግኩ። ያ ሰው የሽማግሌውን ወረቀት ወረወረ፤ እኔ ደግሞ የእኚያን እናት ተራ ወስጄ ሄድኩ። ከሁለታችን የማን ይከብዳል?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ፖስታ ራሱ ምን እንደሆነ እናስብ። በሀገራችን የፖስታ ሥራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት በፈረንሳይ ነበር፤ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በቋንቋችን የገቡትን ቃላት ተመልከቱ። ተመዝግቦ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት የሚሄደውን ደብዳቤ አባቶቻችን «የአደራ ደብዳቤ» አሉት። ዐረብኛው «አማና» የሚለው ይህንኑ ነው። በፖስታና በባንክ ገንዘብ የሚላክበትን መንገድ ደግሞ «ሐዋላ» እንለዋለን፤ ቃሉ በፊቅህ ኪታቦቻችን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ያለው ነው። እንግዲህ ይህ ሥራ ከስሙ ጀምሮ አደራ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ሩቅ ነው፤ የሚጠብቀውም ሩቅ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የማያውቁት ሰው እጅ ነው። ላኪው ያንን እጅ አይቶት አያውቅም፤ ግን አምኖታል።

መልእክት ማድረስ በታሪካችን ትልቅ ቦታ ያለው ነገር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለነገሥታት ደብዳቤ ሊጽፉ ሲነሱ «ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ አያነቡም» ስለተባሉ የብር ቀለበት አሠርተው ስማቸውን አስቀረጹበት፤ ይህ በቡኻሪ ተዘግቧል። ለሮሙ ንጉሥ የተጻፈውን ዲሕያ አል ከልቢ (ረ.ዐ.) ይዘው ሄዱ፤ ወደ እኛው ወደ ሐበሻው ነጃሺ የተላከውን ዐምር ኢብን ኡመያ አድ ደምሪ (ረ.ዐ.) አደረሱ። ያን በረሃና ባሕር ተሻግሮ የመጣ ደብዳቤ አንድ ሰው መንገድ ላይ «ነገ ና» ቢለው ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። በኋላ በኡመውያ ዘመን «በሪድ» የሚባለው በየማረፊያው እንስሳ እየተቀያየረ የሚጓዝ የመንግሥት ፖስታ ተደራጀ። ስለ ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ የሚተረከውን አብዛኛዎቻችን ሰምተናል፤ ለእሳቸው የሚሆን ማር በበሪድ እንስሳ ተጭኖ መምጣቱን ባወቁ ጊዜ ማሩ ተሸጦ ገንዘቡ ወደ በይቱል ማል እንዲገባ አደረጉ ይባላል። እንስሶቹ የሕዝብ ናቸው፤ የእሳቸው ምላስ የግላቸው ነው።

ስለ አማና ሲነሳ ሁልጊዜ የሚታወሰው በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 58 ያለው፣ አደራን ለባለቤቱ መመለስን የሚያዘው አንቀጽ ነው። ሙፈሲሮች ይህ አንቀጽ ከአንድ ቁልፍ ጋር የተያያዘ መሆኑን ይናገራሉ። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የካዕባ ቁልፍ በዑስማን ኢብን ጦልሐ እጅ ነበር። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቅርብ ዘመዶች በኩል ቁልፉ ለእነሱ እንዲሰጥ ጥያቄ ቀረበ፤ እሳቸው ግን ቁልፉን ለዚያው ለዑስማን መለሱ። እስከ ዛሬም በዚያው ቤተሰብ እጅ ነው። ድል ያደረገ ሰው፣ መካን የሚያህል ከተማ በእጁ የገባች ሰው፣ አንዲት ቁልፍ ለባለ ሐቁ ሲመልስ አያችሁ? የእኛው መጋዘን ቁልፍ ግን ለአንዱ ይጠፋል፤ ለሌላው ከመሳቢያ ይወጣል።

ባለ መስኮቱ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አልጠየቅሁም፤ ለጉዳዩም ለውጥ አያመጣም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሂጅራ ጊዜ ዐሊይን (ረ.ዐ.) መካ ያስቀሩት ሊገድሏቸው የሚፈልጉትን ሰዎች አደራ ለየባለቤቱ እንዲመልሱላቸው ነው። አደራ የባለቤቱን ሃይማኖት አይጠይቅም፤ የተቀባዩንም እንዲሁ። ሙስሊም ሆኖ በመንግሥት ቢሮ የተቀመጠ ወንድም ግን ተጨማሪ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። በፊቅህ ለደመወዝ የተቀጠረ ሰው የሚሸጠው ጊዜውን ነው፤ በተስማማበት ሰዓት ውስጥ ያለው ጊዜ የእሱ አይደለም። ዑለሞች የፈርድ ሶላትን ጊዜ ለይተውለታል፤ ይህ ሐቁ ነው። «ሶላት ልሰግድ» ብሎ ወጥቶ ቡና ጠጥቶ፣ ወሬ አውርቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚመለሰውን ግን ምን እንበለው? ይህ ሰው ከሰዎቹ ጊዜ ሰረቀ፤ ስርቆቱንም በሶላት ስም ሸፈነ። ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው «እነዚህ ሰጋጆች» ብሎ ሲያማርር ሰምቼ አፍሬአለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ንዴት ልመለስ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ራሴን «ሰብር አድርግ» እያልኩ ነበር፤ ብዙዎቻችን የምንለው ይህንን ነው። ግን ሰብር ያደረግኩት በምን ላይ ነው? ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውብኝ ነበር። አንደኛው የሰውየው ፊት ነው። ፈገግታ ሰደቃ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል፤ ሰደቃን ደግሞ በግድ የሚያስከፍል የለም። ፊቱን ቢያጨፈግግብኝ የተነካው የእኔ ክብር ነው፤ ይቅር ማለት እችላለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁም። አንድ ገጠሬ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ኩታ አንገታቸው ላይ ምልክት እስኪወጣ ድረስ ጎትቶ ገንዘብ ሲጠይቃቸው ዘወር ብለው ስቀው እንዲሰጠው ማዘዛቸውን አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። በራስ ላይ የደረሰን ሸካራነት በዚህ መልኩ ማለፍ ሱና ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን የሰዎች ጊዜና ጉዳይ ነው። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው የመጡት እናት ጊዜ የእኔ ንብረት አይደለም፤ በእሳቸው ስም «ይቅር ብያለሁ» ልል አልችልም። ሽማግሌው ወረቀታቸውን ከመሬት ሲያነሱ አሥራ ሦስታችን ዝም ያልነው ሰብር አልነበረም። ሰብር ሰው በራሱ ሐቅ ላይ የሚያደርገው ነው፤ በሌላው ሐቅ ላይ የሚደረገው ስሙ ሌላ ነው። ፈርተን ነበር፤ ሰውየው ቢቀየመን ነገ ጉዳያችንን ያጉላላብናል ብለን ፈርተን ነበር። ፍርሃታችንን የሰብር ልብስ አልብሰን ወደ ቤታችን ሄድን።

«መናገርስ ጊባ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ከአንድ ወንድም ጋር በዚህ ተከራክረናል። እሱ «የሰው ነውር ለአለቃው ማመልከት ሐሜት ነው፤ ሰውየውም የልጆች አባት ነው፤ እንጀራውን ታሳጣዋለህ» አለኝ። ስለ እንጀራው ያለው ከባድ ነገር ነው፤ በኋላ አነሳዋለሁ። ስለ ሐሜቱ ግን ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ጉዳዩን ለይተው አስቀምጠውታል። ጊባ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ በመጀመሪያ ያስቀመጡት የተበደለ ሰው በደሉን ሊያስወግድለት ለሚችል ባለ ሥልጣን ማመልከቱን ነው። ቀጥለው ጥፋትን ለማረም እርዳታ መጠየቅንና ፈትዋ መጠየቅን ያነሳሉ። የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ባሏ ቆጣቢ መሆኑን፣ ለእሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትናገር «ባልሽን አማሽ» አላሏትም፤ መፍትሔውን ነገሯት። በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 148 ላይም ክፉን ነገር በይፋ መናገር ከተጠላበት ውስጥ የተበደለ ሰው ተለይቷል። ዕዳውን በሸካራ ቃል የጠየቀን ሰው ሶሐባዎች ሊቆጡት ሲነሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለ ሐቅ የመናገር መብት እንዳለው ገልጸው ከለከሏቸው።

እኛ የምናደርገው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከፖስታ ቤቱ ወጥተን ሻይ ቤት እንቀመጥና ሰውየውን ከነዘሩ እናነሳዋለን። ስንፍናውን፣ አስተዳደጉን፣ የትውልድ ቦታውን፣ ያልሠራውንም ጨምረን እናወራለን። ሰሚዎቻችን ምንም ሊያደርጉ የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ሊያደርግ የሚችለው ኃላፊ ግን ከሰልፉ አሥር እርምጃ ርቆ በራሱ ክፍል ተቀምጧል፤ በሩን የሚያንኳኳ የለም። የተፈቀደልንን ትተን የተከለከልነውን አጥብቀን ይዘናል። በፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአስተያየት ሣጥን ተሰቅሏል፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ቀዳዳው በከረሜላ ወረቀት ተጠቅጥቋል።

ክስም ሚዛን አለው። የኩፋ ሰዎች ስለ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ለዑመር (ረ.ዐ.) አቤት ብለው ነበር፤ ሶላት እንኳ አያሳምርም እስከ ማለት ደረሱ። ሰዕድ በጀነት ከተበሰሩት አሥር ሰዎች አንዱ ናቸው! ዑመር አቤቱታውን አልናቁም፤ ሳያጣሩም አላመኑትም። ሰው ልከው በየመስጊዱ አስጠየቁ፤ ሁሉም መልካም መሰከረ። በአንድ መስጊድ ብቻ አንድ ሰው ተነስቶ በእኩል አያካፍልም፣ በፍርድም አያስተካክልም አለ። ሰዕድ ሰውየው ውሸታም ከሆነ ዕድሜው እንዲረዝም፣ ድህነቱ እንዲረዝም፣ ለፈተናም እንዲጋለጥ ዱዓ አደረጉበት፤ ሰውየውም ሲያረጅ የሰዕድ ዱዓ እንዳገኘው ራሱ ይናገር ነበር። እንግዲህ አቤት የሚል ሰው ያየውን ብቻ ይናገር። «ወረቀት ወረወረ» ማለትና «ባለጌ ነው» ማለት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ምስክርነት ነው፤ ሁለተኛው የእኔ ቁጣ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት የሌላውን ጥፋት ነው፤ ይህ ደግሞ ቀላሉ ክፍል ነው። በጎን በር ስለ መግባቴስ?

ነገሩን ለአንዳንድ ወዳጆቼ ስነግራቸው «ለዒልም የተሰጠ ክብር ነው፤ ልጁ ኡስታዙን አከበረ፤ ምን አለበት?» አሉኝ። ነፍሴ ይህን ፈትዋ በጣም ወደደችው፤ የጠረጠርኩትም ስለ ወደደችው ነው። ልጁ ከራሱ ኪስ ቢሰጠኝ፣ ቤቱ ጠርቶ ቢያበላኝ ክብር ነበር። እሱ ግን የሰጠኝ የእሱ ያልሆነውን ነው፤ የሰጠኝ የእኚያን እናት አምስት ደቂቃ ነው። ዘካ ሊሰበስብ የተላከው የአዝድ ጎሣ ሰው ኢብኑል ሉትቢያ ተመልሶ ሲመጣ «ይህ የእናንተ ነው፤ ይህ ደግሞ ለኔ በስጦታ የተሰጠኝ» ባለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ወጥተው ያ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄውን ወደ እኔ ባዞረው፦ ያ ወጣት በቤቱ ቢሆን ኖሮ ለኔ የሚከፍተው የጎን በር ነበረውን? አልነበረውም። በሩ የወንበሩ ነው፤ ወንበሩም የሕዝብ ነው። ጉቦ ስል ሁልጊዜ የሚታየኝ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጥ ብር ነበር፤ እጅ መሳም በዚያ መንገድ ሊመጣ እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ የነካኝ የወተቱ ሐዲስ ነው። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚጠጣ ቀርቦ እሳቸው ከጠጡ በኋላ በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ተራው የቀኙ ነው። ለሽማግሌዎቹ ሊሰጡ ፈለጉ፤ ግን ልጁን አስፈቀዱት። ልጁ ከእሳቸው የሚያገኘውን ድርሻ ለማንም እንደማይለቅ ተናገረ፤ እሳቸውም ዕቃውን በእጁ ላይ አኖሩለት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሽማግሌዎቹ ክብር አልነበራቸውምን? ነበራቸው። ክብራቸው ግን የልጁን ተራ አልሻረም፤ ነቢይ ራሱ ያለ ፈቃድ አላለፈውም። እኔ እናትየዋን «እናቴ፣ ብቀድምዎት ይፈቅዱልኛል?» ብዬ አልጠየቅሁም። ብጠይቃቸው እንደሚፈቅዱልኝ አውቃለሁ፤ አለመጠየቄን የሚያከብደው ይኸው ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሰዎች ደግሞ አሉ።

ሱረቱል ሙጦፊፊን (ምዕራፍ 83) ሲከፈት የሚወቀሱት ከሰው ሲቀበሉ ሞልተው የሚሰፍሩ፣ ለሰው ሲሰጡ የሚያጎድሉ ናቸው። ለደረሶቼ ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ሁልጊዜም ምሳሌዬ የእህል ነጋዴ ነበር። ከሰልፉ ጅራት ስቆም ወረፋ ይከበር ባይ፣ በር ሲከፈትልኝ ወረፋ ረሺ የሆንኩት እኔ ግን ቁና አልያዝኩም፤ ስፍሩ ግን ያው ነው።

ሌላም የመጣብኝ ነገር አለ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ባለፈው ዓመት አንድ አባት የልጃቸውን የምስክር ወረቀት ሊወስዱ ወደ መድረሳችን መጥተው ኪታብ እያገላበጥኩ ስለነበር አንገቴን ሳላቀና «ከዐስር በኋላ ይምጡ» ብያቸው ነበር። ከዐስር በኋላ እኔ አልነበርኩም። የማገላብጠው የዲን ኪታብ ስለነበር ጥፋት አልመሰለኝም። ሱረቱ ዐበሰ (ምዕራፍ 80) የወረደችው ግን በምን ላይ ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ ኢስላም እየጠሩ ሳለ ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) ሊማር መጣ። የያዙት ሥራ ከዳዕዋ የሚበልጥ አልነበረም፤ የመጣው ሰው ደግሞ ፊታቸውን አያይም። ሆኖም ስለዚያ ፊት እስከ ቂያማ የሚነበብ አንቀጽ ወረደ። የኔ መስኮት ብረት ስለሌለው መስኮት መሆኑን አላወቅኩትም ነበር።

በሳምንቱ ወደ ፖስታ ቤቱ ተመለስኩ። አስቀድሜ ያን ወጣት ለብቻው አግኝቼ አናገርኩት፤ በሰው ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም። «ኡስታዝ፣ እኔ ያከበርኩዎት መስሎኝ ነው» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነቱን ነው። እጅ መሳም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ወረፋ አላስተማርኩትም።

ከዚያ የኃላፊውን በር አንኳኳሁ። ያየሁትን ብቻ ነገርኩት፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተወረወረውን ወረቀት፣ ለአንዱ የጠፋውን ለሌላው የተገኘውን ቁልፍ። እኔም በጎን በር ገብቼ ጥቅሌን መውሰዴን ጨመርኩበት፤ ይህን ስናገር ድምፄ ዝቅ ማለቱ ታወቀኝ። ኃላፊው ቆጣ ይላል ብዬ ነበር፤ መሳቢያውን ከፍቶ የአቤቱታ መዝገብ አወጣ። ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎበታል። «ሰው ሁሉ ሲያማርር በሌላ ሰው በኩል እሰማለሁ፤ እዚህ ገብቶ የነገረኝ ግን የለም» አለኝ። ባለ መስኮቱ ሁለት ባልደረቦቹ ተዛውረው በምትካቸው ሰው ሳይመደብ ስምንት ወር የሦስት ሰው ሥራ ብቻውን እንደሚሠራ የሰማሁት እዚያ ነው። በሁለቱ ቀናት በሰልፉ መካከል ቆሜ ስፈርድበት ይህን አላውቅም ነበር። ወረቀት መወርወሩን ትክክል አያደርገውም፤ ወንድሜ ስለ እንጀራው የተናገረውን ግን አስታወሰኝ። «እንዲቀጣ አልመጣሁም፤ ሰው እንዲጨመርለት ይጻፍ፤ ለሽማግሌውም ይቅርታ ይጠይቅ» አልኩ። ኃላፊው ጻፈ። ይላከው አይላከው አላህ ያውቃል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን በማለዳ ሄጄ ቆምኩ። ለደረሳዬ ኪታቦቹ መድረሳቸውን በስልክ ነግሬዋለሁ፤ ግን የሸኻችንን ሐሺያ በእጄ ገልብጬ እንድልክለት ለምኖኝ ስለነበር እሱን በአደራ ደብዳቤ ላስመዘግብ ነው። እናትየዋ መጡ። ጥቅላቸው ገና አልወጣም ነበር። ከፊቴ ቦታ ስለቅላቸው ከኋላዬ የቆመ አንድ ወጣት «ሼኹ ያንተን ቦታ እንጂ የእኛን አትስጥ!» አለ፤ ልክ ነው። ስለዚህ የኔን ቦታ ለእሳቸው ሰጥቼ ወደ ሰልፉ ጅራት ሄድኩ። «ኧረ ሸኽዬ፣ አይሆንም!» እያሉ ነጠላዬን ያዙኝ፤ «የቆየ ዕዳ አለብኝ» አልኳቸው፤ ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም።

መስኮቱ ላይ ያው ጎልማሳ ነው። አልሳቀላቸውም፤ ወረቀታቸውን ግን በእጁ ተቀብሎ፣ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቱ አሳያቸውና የጣት አሻራቸውን አስደረገ። በጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ጥቅል ነው። እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ስፌቱን በጥርሳቸው ፈቱት፤ አንድ ሻሽ፣ የራስ ምታት መድኃኒትና የልጅቱ ፎቶ ወጣ። ፎቶውን ይዘው ወደ እኔ መጥተው አሳዩኝ፤ «ከሳች?» አሉኝ። «አልከሳችም» አልኳቸው።

ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ሁለት ሰው ሲቀረኝ መስኮቱ ለምሳ ተዘጋ።